ከሲዲ በማይነሡ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስን ስለ መጫን

መግቢያ

በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ፣ በእርዳታ የመጡ ወይም ከቢሮ ሥራ ተመልሰው የተቀመጡ ላፕቶፖች አቧራ ለብሰው ይታያሉ። በንብረት መዝገቡም ላይ «የማይሠራ» ተብለው ተመዝግበው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መካከል ስክሪናቸው የሚበራ፣ ኪቦርዳቸው የሚታዘዝና ሃርድ ዲስካቸው ጤነኛ የሆነ አይጠፋም። እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች «የማይሠራ» ያሰኛቸው አንድ ምክንያት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም መምህሩ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊጭንባቸው ሲዲ ባስገባ ጊዜ ከሲዲው አንነሣም ማለታቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እምቢታ ከምን እንደሚመጣ ማስረዳት፣ ከሲዲ ውጪ ያሉትን የመጫኛ መንገዶች በቅደም ተከተል መዘርዘርና የትኛው መሣሪያ ለትምህርት አገልግሎት ሊመለስ እንደሚገባው፣ የትኛው ግን ሊሰናበት እንደሚገባው ለመለየት የሚረዳ መመዘኛ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊኑክስ ለአሮጌ መሣሪያ የሚመረጥበት ምክንያት

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን አካላት፣ ማለትም ማስታወሻውን፣ ዲስኩን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን፣ የሚያስተዳድርና ለሌሎች ፕሮግራሞች መሠረት የሚሆን ዋና ሶፍትዌር ነው። ሊኑክስ የተባለው በዚሁ ዘርፍ የሚመደብ ሲሆን፣ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በኦገስት 1991 ሥራውን ለሌሎች በማሳወቁ የተጀመረ ነው። በ1992 ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊገለብጠው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያድለው በሚፈቅድ የባለቤትነት ውል ሥር እንዲሆን ተደረገ። የሊኑክስ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነሉን ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ጋር አጣምረው የሚያቀርቡት ደግሞ ዲስትሪቢዩሽን ወይም ስርጭት የሚባሉት ናቸው። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን ከእነዚህ አንዱ ነው።

ለትምህርት ቤት ሊኑክስ ተመራጭ የሚሆነው በነፃ በመገኘቱ ብቻ አይደለም። ለአሮጌ መሣሪያዎች የተሠሩ የንግድ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች የድጋፍ ዘመናቸው አልፏል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከኤፕሪል 8 ቀን 2014 ጀምሮ መደበኛ የጸጥታ ማሻሻያ አይደረግለትም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሻሻያ የማይደረግለት ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ወይም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ሲሰካበት በቫይረስ ተጠቅቶ የተማሪዎችን ውጤትና የትምህርት ቤቱን ሰነድ ለጥፋት ሊዳርግ ይችላል። ሊኑክስ ግን ለትናንሽ መሣሪያዎች ተብለው የተዘጋጁና እስካሁን ማሻሻያ የሚደረግላቸው ስርጭቶች አሉት።

ይህ በሌሎች አገሮች ትምህርት ቤቶችም የተሞከረ ነገር ነው። በሕንድ የኬረላ ክፍለ ሀገር በ2001 የተጀመረው የትምህርት ቤቶች የመረጃ ቴክኖሎጂ ፕሮጀክት ውሎ አድሮ ሥራውን በሙሉ በነፃ ሶፍትዌር ላይ እንዲመሠረት አድርጓል። ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስም በ2008 ለተማሪዎች የታደሉት ኤክስኦ የተባሉ ትናንሽ ላፕቶፖች የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች 256 ሜጋባይት ማስታወሻ ብቻ ሲኖራቸው ሲዲ ማንበቢያ ከነጭራሹ አልነበራቸውም፤ ሶፍትዌራቸው የሚታደሰው ፍላሽ ተሰክቶ ነበር። ስለዚህ ያለ ሲዲ ሊኑክስን መጫን ከመጀመሪያውም የታሰበበት አሠራር እንጂ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ለመረዳት ይቻላል።

ኮምፒዩተር እንዴት ይነሣል?

መፍትሔውን ለማግኘት በቅድሚያ ማብሪያው ከተጫነበት ቅጽበት አንሥቶ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ በመጀመሪያ የሚሠራው በቦርዱ ላይ በሚገኝ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ባዮስ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ባዮስ በቅድሚያ ማስታወሻውንና ኪቦርዱን ይፈትሻል። ከዚያም በተሰጠው ቅደም ተከተል መሠረት ፍሎፒውን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ሲዲውን ወይም ኔትወርኩን እየጎበኘ የመነሻ ፕሮግራም ይፈልጋል። በሃርድ ዲስክ ላይ የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን 512 ባይት ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 446 ባይት ለመነሻው ፕሮግራም፣ 64 ባይት ለዲስኩ ክፍፍል ሠንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ደግሞ ለመለያ ምልክት የተመደቡ ናቸው። ባዮስ ምልክቱን ካገኘ ሥልጣኑን ለዚያ ፕሮግራም ያስረክባል። ፕሮግራሙም ከርነሉንና ከርነሉ ሲጀምር የሚያስፈልጉትን ሾፌሮች የያዘውን አጋዥ ፋይል ወደ ማስታወሻ ያስገባል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነጥብ አለ። ባዮስ በግቢ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ የሚያስገባው እርሱ የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው። ሆኖም እንግዳው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ የግቢውን ክፍሎች ሁሉ በራሱ ቁልፍ ይከፍታል። የሊኑክስ ከርነልም እንዲሁ ማስታወሻ ውስጥ ከገባ በኋላ ሲዲውንም ሆነ ፍላሹን በራሱ ሾፌር ስለሚያነብ የባዮስ ችሎታ ማነስ አያግደውም። ስለሆነም ሥራው በሙሉ የሚጠቃለለው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ፋይሎች፣ ማለትም ከርነሉንና አጋዡን፣ ባዮሱ በሚያውቀው በየትኛው በር ማስገባት ይቻላል? ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት መንገዶች ሁሉ ለዚህ አንድ ጥያቄ የተሰጡ ልዩ ልዩ መልሶች ናቸው።

ሲዲው እምቢ የሚልባቸው ምክንያቶች

ከሲዲ አለመነሣት በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። ምክንያቱ ተለይቶ ሳይታወቅ ወደ መፍትሔ መሮጥ ጊዜ ያባክናል። ምርመራውም ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ይኖርበታል።

1ኛ/ የሲዲው አዘገጃጀት። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት የስርጭቱን ፋይል እንደ ተራ ሰነድ ሲዲው ላይ መገልበጥ ነው። በትክክል የተዘጋጀ ሲዲ ሲከፈት በርካታ ፎልደሮች ይታዩበታል፤ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ከታየ ግን አዘገጃጀቱ የተሳሳተ ነው። ከዚህም ሌላ ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ስርጭት በዲቪዲ ተዘጋጅቶ ሲዲ ብቻ በሚያነብ መሣሪያ ውስጥ ቢገባ አይነበብም። ሲዲው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከተነሣ ችግሩ ከላፕቶፑ መሆኑ ይረጋገጣል።

2ኛ/ የመነሻ ቅደም ተከተል። ባዮሱ ሃርድ ዲስኩን እንዲያስቀድም ታዝዞ ከሆነ ሲዲውን ሳይመለከት ያልፋል። ወደ ባዮስ ማስተካከያ የሚገባው ኮምፒዩተሩ እንደበራ በአብዛኛው ኤፍ 1፣ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት የተባለውን ቁልፍ በመጫን ነው። በብዙ ላፕቶፖች ኤፍ 12 የተባለው ቁልፍ ቅደም ተከተሉን ለአንድ ጊዜ ብቻ ለመለወጥ ያስችላል።

3ኛ/ የይለፍ ቃል። የቀድሞው ባለቤት ባዮሱን በይለፍ ቃል ቆልፎት ሊሆን ይችላል። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች የቦርዱን ትንሽ ባትሪ በማውጣት ቃሉን ማጥፋት ይቻላል። እንደ ቲንክፓድ ባሉ ላፕቶፖች ላይ ግን የተቆጣጣሪው የይለፍ ቃል በሌላ ቺፕ ውስጥ ስለሚቀመጥ ባትሪውን ማውጣት አይፈታውም።

4ኛ/ የአንጎለ ኮምፒዩተሩ ዓይነት። ለ64 ቢት የተዘጋጀ ሲዲ በ32 ቢት መሣሪያ ላይ መነሣት ጀምሮ ወዲያው በአጭር መልእክት ይቆማል። መልእክቱን ያላነበበ ሰው «ሲዲው አይሠራም» ብሎ ይደመድማል፤ የሚያስፈልገው ግን የ32 ቢት ስርጭት ብቻ ነው።

5ኛ/ የማንበቢያው መድከም። የማንበቢያው ሌንስ በአቧራ ወይም በዕድሜ ብዛት ሲደክም በፋብሪካ የታተሙትን ሲዲዎች እያነበበ በቤት የተቀዱትን ላያነብ ይችላል። ሲዲውን በዝቅተኛ ፍጥነት እንደገና መቅዳት አንዳንድ ጊዜ ይረዳል።

6ኛ/ የባዮሱ ዕድሜ። ከሲዲ የመነሣት ሥርዓት የተደነገገው ኤል ቶሪቶ በተባለውና የፊኒክስና የአይቢኤም ኩባንያዎች በጃንዋሪ 1995 ባወጡት ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ላፕቶፖች፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የተሠሩ አንዳንዶቹ፣ ይህ ችሎታ የላቸውም። አንዳንዶቹም ሲዲ ማንበቢያ ጨርሶ የላቸውም። ለምሳሌ በ2004 ለገበያ የቀረበው ቲንክፓድ ኤክስ 40 ቀላል እንዲሆን ተብሎ ያለ ሲዲ ማንበቢያ የተሠራ ነው።

ከመጫን በፊት ሊደረግ የሚገባው

አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲጫን በዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። የጠፋውም የተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያ፣ የፈተና ጥያቄ ወይም ቃለ ጉባኤ ከሆነ ላፕቶፑን በማዳን የተገኘው ጥቅም ከጉዳቱ ያንሳል። ስለዚህ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰነዶቹ ወደ ሌላ ዲስክ ተገልብጠው፣ ግልባጩም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ መነበቡ ሊረጋገጥ ይገባል። የቀድሞው ዊንዶውስ የማይነሣ ቢሆንም ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ በማገናኛ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ሲያያዝ ሰነዶቹ እንደ ተራ ፋይል ሊነበቡ ይችላሉ።

ከዚህም ጋር በሥራው መካከል ኃይል እንዳይቋረጥ ማሰብ ተገቢ ነው። የአሮጌ ላፕቶፖች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ስለሆነ የመብራት መቋረጥ ሥራውን በግማሽ መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

አማራጭ የመጫኛ መንገዶች

ሀ/ በፍላሽ

ላፕቶፑ ከፍላሽ መነሣት የሚችል ከሆነ ይህ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው። ፍላሹ ኮምፒዩተሩ ከመብራቱ በፊት መሰካት አለበት፤ አለዚያ ባዮሱ በዝርዝሩ ላይ ላያሳየው ይችላል። ስርጭቱም ፍላሹ ላይ የሚሠፍረው ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ፕሮግራም እንጂ በተራ ግልበጣ አይደለም። የቀድሞው የዩኤስቢ 1.1 ሥርዓት ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 12 ሜጋቢት፣ ማለትም በተግባር 1 ሜጋባይት ያህል በመሆኑ፣ 700 ሜጋባይት ለማንበብ ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ መሣሪያው የዘገየ ሲመስል ተበላሽቷል ብሎ ከማጥፋት በፊት መታገሥ ይገባል።

ለ/ በአስታራቂ የመነሻ ፕሮግራም

ባዮሱ ሲዲውን ወይም ፍላሹን ማንበብ ባይችልም ፍሎፒ ወይም ሃርድ ዲስክ ማንበብ ስለሚችል፣ የባዮስን ጉድለት የሚሞላ ትንሽ ፕሮግራም በእነዚህ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ስማርት ቡት ማናጀር የተባለው በአንድ የ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ላይ ተቀምጦ ሲዲውን የሚያስነሣ ነው። ፕሎፕ የተባለው ደግሞ የራሱ የዩኤስቢና የሲዲ ሾፌሮች ስላሉት ባዮሱ የማያውቀውን ፍላሽ ሳይቀር ያስነሣል፤ ከፍሎፒም ከሃርድ ዲስክም ሊጀመር ይችላል። ፍላሽ የማያውቅ ባዮስ፣ የሞተ ሲዲ ማንበቢያ ግን ጤነኛ የፍሎፒ ማንበቢያ ላለው ላፕቶፕ ይህ መንገድ እጅግ ይስማማል። ፍሎፒዎች በዕድሜ ብዛት ስለሚበላሹ ሁለት ሦስት ቅጂ ማዘጋጀት ጠቃሚ ነው።

ሐ/ በሃርድ ዲስኩ ላይ ካለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም

በላፕቶፑ ላይ ያለው አሮጌ ዊንዶውስ ገና የሚነሣ ከሆነ እርሱን ራሱን እንደ መሸጋገሪያ መጠቀም ይቻላል። ከርነሉንና አጋዡን ፋይል በሃርድ ዲስኩ ላይ ካስቀመጡ በኋላ፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ የመነሻ ዝርዝር ውስጥ ግሩብ ፎር ዶስ የተባለውን ፕሮግራም በማስገባት ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲበራ ወደ ሊኑክስ መጫኛው እንዲሻገር ይደረጋል። ከዶስ ወይም ከዊንዶውስ 98 ለሚነሡት ደግሞ ሎድሊን የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ ተግባር ሲፈጽም ቆይቷል።

ዴቢያን ለዚህ መንገድ የሚያገለግሉ ልዩ የከርነልና የአጋዥ ፋይሎች አሉት። መጫኛው በዚህ መንገድ ሲነሣ በዲስኩ ክፍሎች ላይ የስርጭቱን ሙሉ ፋይል ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ ሁለቱ ፋይሎችና የስርጭቱ ፋይል የአንድ እትም መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ሾፌሮቹ ከከርነሉ ጋር አይጣጣሙም። ሁለተኛ፣ መጫኛው የሚያነበው ፋይል የተቀመጠበት የዲስክ ክፍል በሥራ ላይ ስለሆነ በዚያው ጊዜ ሊጠፋ አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ ዲስኩን ቢያንስ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል።

መ/ በኔትወርክ

የሚጫንባቸው ላፕቶፖች ብዙ ሲሆኑ የኔትወርክ መንገድ ከሁሉ ይመረጣል። ኢንቴል በ1999 ያወጣው ፒኤክስኢ የተባለው ደንብ ኮምፒዩተሩ ያለ ምንም ዲስክ፣ በኔትወርክ ኬብል ብቻ የመነሻ ፕሮግራሙን ከሌላ ኮምፒዩተር እንዲቀበል ያስችላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ላፕቶፑ ሲበራ በኬብሉ ላይ አድራሻ ይጠይቃል፤ አገልጋይ የሆነው ኮምፒዩተር አድራሻውን ከሚፈለገው ፋይል ስም ጋር ይሰጠዋል፤ ላፕቶፑም ከርነሉንና አጋዡን ከአገልጋዩ ወደ ማስታወሻው ይስባል። ዲኤንኤስማስክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አድራሻ የመስጠቱንም ፋይል የማደሉንም ሥራ አጣምሮ ይሠራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደህና ኮምፒዩተር፣ አንድ ስዊችና ኬብሎች ናቸው። አገልጋዩ ስርጭቱን በራሱ ዲስክ ላይ ከያዘ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤትም ይሠራል። በኔትወርክ የመነሣት ችሎታ ለሌለው ላፕቶፕ አይፒኤክስኢ የተባለው ፕሮግራም በፍሎፒ ወይም በሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ይህንኑ ችሎታ ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያው ይህ ነው፤ በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት አድራሻ ሰጪዎች ሲኖሩ የቢሮው ኮምፒዩተሮች ሳይቀሩ ይታወካሉ። ስለሆነም የመጫኛው ኔትወርክ ከትምህርት ቤቱ ዋና ኔትወርክ ተነጥሎ መዘርጋት አለበት።

ሠ/ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በመጫን

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ሲያቅቱ የሚቀረው መንገድ ሃርድ ዲስኩን ከላፕቶፑ አውጥቶ፣ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ገጥሞ፣ ሊኑክስን ጭኖ መመለስ ነው። አሮጌ ላፕቶፖች በአብዛኛው የሚይዙት 44 እግር ያለው የ2.5 ኢንች ዲስክ ሲሆን ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ጋር ለማያያዝ ትንሽ ማገናኛ ያስፈልገዋል። ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ ማገናኛም አለ። ዲስኩ ከመነካቱ በፊት የላፕቶፑ ባትሪም ሆነ የኃይል ገመዱ መነቀል አለባቸው። እግሮቹም ቀጭን ስለሆኑ በግድ መግፋት ያጣምማቸዋል።

በዚህ መንገድ ሦስት ነገሮች በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያው የአስተናጋጁ ኮምፒዩተር የራሱ ዲስክ ነው፤ በስሕተት እንዳይጠፋ ሥራው እስኪያልቅ መነቀል ይኖርበታል። ሁለተኛው የአጋዡ ፋይል ይዘት ነው፤ የዴቢያን መጫኛ ለዚሁ ኮምፒዩተር የሚያስፈልጉትን ሾፌሮች ብቻ ወይስ ያሉትን ሁሉ እንዲያካትት ሲጠይቅ «ሁሉንም» የሚለው መመረጥ አለበት። አለዚያ ዲስኩ ወደ ላፕቶፑ ሲመለስ የራሱን ዲስክ የሚያነብበት ሾፌር ሊያጣ ይችላል። ሦስተኛው የዲስኩ ስም ነው፤ ዲስኩ በአስተናጋጁ ላይ የነበረው ስም በላፕቶፑ ላይ ሊለወጥ ስለሚችል የመነሻው ፕሮግራም ዲስኩን በተራ ስሙ ሳይሆን በማይለወጠው መለያ ቁጥሩ እንዲፈልገው መደረግ አለበት። የዘመኑ መጫኛዎች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ። ከርነሉ በተነሣ ቁጥር የመሣሪያውን አካላት እንደ አዲስ ስለሚመረምር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ሊኑክስ በሌላው ላይ መነሣቱ የተለመደ ነው።

ይህ መንገድ ለብዙ ተመሳሳይ ላፕቶፖችም ይጠቅማል። በአንዱ ዲስክ ላይ ሥራው ሁሉ ተጠናቆ ከተፈተሸ በኋላ ክሎንዚላ በተባለው ፕሮግራም ይህን «እናት ዲስክ» ወደ ሌሎቹ መገልበጥ ይቻላል።

የሚስማማውን ስርጭት ስለ መምረጥ

መንገዱ ከተገኘ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ የትኛው ስርጭት ይጫን የሚለው ነው። መመዘኛዎቹ ሁለት ናቸው፤ የአንጎለ ኮምፒዩተሩ ዓይነትና የማስታወሻው መጠን።

ኢንቴል በ2006 ካወጣው ኮር 2 ዱዎ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ላፕቶፖች 64 ቢት ስለሆኑ ዛሬም አዳዲስ ስርጭቶችን ይቀበላሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ 32 ቢት ሲሆኑ ለእነርሱ ያለው ምርጫ እየጠበበ መጥቷል። ዴቢያን በ2017 ባወጣው 9ኛ እትሙ ከፔንቲየም ፕሮ በታች ያሉትን አሰናብቷል። በጁን 2023 የወጣው 12ኛው እትም የ32 ቢት መጫኛ ያለው የመጨረሻው ሲሆን፣ በኦገስት 2025 በወጣው 13ኛው እትም የ32 ቢት መጫኛም ሆነ ከርነል አልቀረበም። ይህን ዕቅድ አውጪዎች በቅርብ ሊከታተሉት ይገባል።

ማስታወሻን በሚመለከት፣ ዴቢያን 12 ከሙሉ የመስኮት ገጽታ ጋር ቢያንስ 1 ጊጋባይት ይጠይቃል። በዴቢያን ላይ የተመሠረተው አንቲኤክስ 256 ሜጋባይት ባላቸው የፔንቲየም 3 ዘመን መሣሪያዎች ላይ ሊሠራ ይችላል። ታይኒ ኮር የተባለው እጅግ ትንሽ ስርጭት ደግሞ በ46 ሜጋባይት ይነሣል። ሆኖም መነሣትና ማገልገል የተለያዩ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። 256 ሜጋባይት ያለው ላፕቶፕ ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ታይፕ ለመለማመድና የፕሮግራም አጻጻፍ ለመማር ሲበቃ የዛሬዎቹን የኢንተርኔት ገጾች ለመክፈት ግን ይከብደዋል።

በ2003 እና በ2004 የተሠሩ ፔንቲየም ኤም አንጎለ ኮምፒዩተር ያላቸው ላፕቶፖች አንድ የተለየ ጠባይ አላቸው። ፒኤኢ የተባለውን የማስታወሻ አጠቃቀም ችሎታ እያላቸው የሌላቸው መስለው ስለሚቀርቡ፣ ይህን ችሎታ ግድ የሚሉ ከርነሎች አንነሣም ይላሉ። ለዚህ መፍትሔው በመነሻው ትእዛዝ ላይ ፎርስፒኤኢ የሚለውን ቃል መጨመር ወይም ፒኤኢ የማይጠይቅ ከርነል መምረጥ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቲንክፓድ ኤክስ 40 ከዚሁ ቤተሰብ የሚቆጠር ነው።

ስለ አማርኛ አጻጻፍ

የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3ኛ እትም ውስጥ ቦታ ስላገኘ በዘመኑ ሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍና ማንበብ ተጨማሪ ግዢ አይጠይቅም። አቢሲኒካ እና ኖቶ የተባሉት ነፃ የፊደል ቅርጾች ከስርጭቶቹ ጋር ይገኛሉ፤ የአማርኛ ኪቦርድም እንዲሁ። መጫኛውን የሚያዘጋጀው መምህር እነዚህን በእናት ዲስኩ ላይ አስቀድሞ ሊያካትታቸው ይገባል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ያለ ፊደሎቹ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርዝር ሆነው ይታያሉ። ሰነዱ አልጠፋም፤ ፊደሉ ነው የጎደለው። ስለሆነም ሰነዶቹን አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም በፒዲኤፍ አትሞ ማስቀመጥ ያሻል።

ለዕቅድ አውጪዎች የቀረቡ ነጥቦች

አንድ መምህር በአንድ ላፕቶፕ ላይ አንድ ሰዓት ቢያጠፋ ለ30 ላፕቶፖች 30 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ሳምንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው የሥራ ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህ ጊዜ ከማስተማሩ ሥራ የሚነሣ ስለሆነ በዕቅድ ሊያዝ ይገባል። በዚህ ረገድ የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰቡ ይችላሉ።

1. እርዳታ ከመቀበል በፊት ለጋሹ የአንጎለ ኮምፒዩተሩን ዓይነት፣ የማስታወሻውን መጠንና የመነሻ መንገዶቹን በጽሑፍ እንዲገልጽ፣ የባዮስ ይለፍ ቃሉንም አጥፍቶ እንዲያስረክብ መጠየቅ። ዕቃው ባሕር ከተሻገረ በኋላ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

2. በንብረት መዝገብ ላይ «የማይሠራ» የሚለው አንድ ቃል በሦስት ቢተካ፤ «የማይበራ»፣ «የሚበራ ግን የማይነሣ» እና «የሚነሣ ግን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሌለው»። የዚህ ጽሑፍ መንገዶች የሚረዱት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው።

3. ለአንድ ወረዳ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ስርጭትና አንድ እናት ዲስክ መምረጥ፤ በየትምህርት ቤቱም ቢያንስ ሁለት መምህራንን ማሠልጠን። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ ሰውየው ሲዛወር አብሮ ይዛወራል።

4. ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ የመማሪያ ጽሑፎችንና ፕሮግራሞችን አብሮ መጫን። ለታዳጊ ልጆች ጂኮምፕሪ፣ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ደግሞ ኪዊክስ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ያገለግላሉ።

5. ከ512 ሜጋባይት በታች ማስታወሻ ያላቸውንና ባዮሳቸው የተቆለፈውን ለመጠገን ከመድከም፣ ለመለዋወጫና ለተማሪዎች የመፍታትና የመግጠም ልምምድ እንዲውሉ ማድረግ። ባትሪዎቻቸው ግን ከቆሻሻ ጋር ሊጣሉም ሊቃጠሉም አይገባም።

ማጠቃለያ

ከላይ በዝርዝር እንደተመለከተው፣ አንድ ላፕቶፕ ከሲዲ አልነሣም ማለቱ ዕድሜው አብቅቷል ማለት አይደለም። ምክንያቱ የሲዲው አዘገጃጀት፣ የባዮሱ ትእዛዝ፣ የይለፍ ቃል ወይም የባዮሱ ዕድሜ ሊሆን ይችላል፤ ለአብዛኛዎቹም በፍላሽ፣ በፍሎፒ፣ በነባሩ ዲስክ፣ በኔትወርክ ወይም ዲስኩን በማዛወር መፍትሔ ይገኛል። መርሑ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ከርነሉ ባዮሱ በሚያውቀው በር ይግባ እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ራሱ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል ሁሉም አሮጌ መሣሪያ ይዳን ማለት ትክክል አይሆንም። የ32 ቢት መሣሪያዎች የድጋፍ ዘመን እየተገባደደ ስለሆነ ለእነርሱ የሚፈሰው ጉልበት ከሚሰጡት አገልግሎት ጋር ሊመዘን ይገባል። በሚዛኑ ላይ አልፎ የተገኘው ላፕቶፕ ግን በንብረት ክፍል ተቆልፎበት በዋለ ቁጥር፣ የኮምፒዩተርን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሣለ ሥዕል ብቻ የሚማረው ተማሪ ዕድሉ ያልፈዋል። ስለሆነም የመጀመሪያው እርምጃ መደርደሪያውን ከፍቶ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ አብርቶ፣ ስክሪኑ የሚናገረውን አንብቦ መመዝገብ ነው።